የሐኪም ቤት ሙቅ ውኃና ደንቡ

የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሕዝብ ጤና አዋጅ ቁጥር 91ን ባወጣበት ዓመት፣ በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ሞሪትዝና ሄንሪክስ የተባሉ የሐርቫርድ ሊቃውንት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞላ ውኃ ቆዳን በ5 ሴኮንድ፣ 44 ዲግሪው ግን በ6 ሰዓት እንደሚያቃጥል አስረዱ። እንግሊዞችም የሕመምተኛ ገላ መታጠቢያ ከ44 እንዳያልፍ ደነገጉ። ነገር ግን በ1976 በፊላዴልፊያ ሰው የፈጀው ተውሳክ ለብ ባለ ውኃ የሚራባ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ማጠራቀሚያው 60 ሆኖ፣ ውኃው ከቧንቧው አጠገብ ይበርዳል።

ወናጎ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከፍታው ከ1500 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ ገና 95 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ለቡና ይበቃል፤ የሐኪምን መሣሪያ ግን ከጠንካራ ተውሳክ አያነጻም። በእኛ አስተያየት በዚህ አገር ደንብ አውጪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ሻምበርላን በ1879 የሠራውንና ዛሬ በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ የሚደርሰውን ድስት ነው።