የጎደለውን ማን ሞላው? ከመተማ ገበያ እስከ ትሪሊዮኑ በጀት

በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ፓርላማው በጀት ሲያጸድቅ «የበጀት ጉድለት» የሚል ቃል በዜና እንሰማለን። ሰምተን እናልፈዋለን። የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው ሲባል ቁጥሩ ከመግዘፉ የተነሳ ከእኛ ኪስ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አይደለሁም፤ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ ነገሩን በማውቀው መንገድ ላስረዳችሁ። ለዚህ ደግሞ ከመተማ ዮሐንስ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ልል የፈለግኩት አንድ ነገር ነው። የመንግሥት ጉድለት ሳይከፈል ቀርቶ አያውቅም። ሁሌም አንድ ሰው ይከፍለዋል። ጥያቄው ማን ከፈለው፣ ሲከፍልስ አውቆት ነበር ወይ የሚለው ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ወጥተው እዚያው የቀሩት ተክሩሮች ሰፍረውባታል። ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና ከብት ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ ይመጣል። መደበቅ የለብንምና ሰውም ይሸጥባት ነበር። የተክሩሩ ሼክ ለኢትዮጵያም ይገብራል፣ ሱዳንን ለያዘው ለግብፅ መንግሥትም ይገብራል። አንዳንዶቻችሁ ይሄ ምን ዓይነት ታማኝነት ነው ትሉ ይሆናል። ሰውዬው ግን ሒሳቡን ያውቃል፦ ገበያው ሰላም ውሎ ካደረ ለሁለቱም ከፍሎ ይተርፈዋል። ገበያው ከተበተነ ግን ለአንዱም የሚከፍለው የለም።

ይህን አካባቢ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ከጎረቤት ቋራ ተነሳ። ካሣ ኃይሉ በ1840 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። ፊቱ የቆመው መድፍ ያለው፣ ሥርዓት የተማረ ጦር ነበር። በየካቲት 1847 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ የገጠመው ትልቁ ጥያቄ እንግዲህ በዛሬ ቋንቋ የበጀት ጥያቄ ነው፦ እንዲህ ዓይነት ጦር በምን ይቀለባል?

እስከዚያ ድረስ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ገበሬው ቤት ይሰፍራል፣ እህሉን ይበላል፣ በሬውን ያርዳል። የመንግሥት ወጪ በወረቀት አይታይም እንጂ ተከፋዩ ይታወቃል። ከፋዩ ባላገሩ ነው። ቴዎድሮስ ይህን ለማስቀረት፣ ወታደሩንም ደመወዝተኛ ለማድረግ አሰበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ገንዘቡ ግን የለም። ወደ ቤተ ክርስቲያን መሬት ዞረ፤ ለየደብሩ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚያኖር መሬት ይበቃል፣ ሌላው ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ አለ። ካህናቱ ከፉበት፣ አገሩም ተከትሎ ሸፈተ። አመፁን ለማፈን ተጨማሪ ጦር፣ ለጦሩ ተጨማሪ ቀለብ፣ ለቀለቡ ተጨማሪ ዘረፋ መጣ። በ1859 ጎንደርን ራሷን፣ የመተማ መንገድ ነጋዴ ሁሉ የሚደርስባትን ከተማ፣ አስዘረፈ፤ አቃጠለም። መቅደላ ላይ በሚያዝያ 1860 ሲሞት አብሮት የቀረው ጦር ከቀድሞው ጥቂቱ ብቻ ነበር። እንግሊዞች ከመድረሳቸው በፊት መንግሥቱን ያደከመው ይሄ አዙሪት ነው። ገቢው ሲጎድል የገቢውን ምንጭ በላው።

አፄ ዮሐንስ የበር ችግር ነበረባቸው። ምጽዋ በግብፅ እጅ ናት። በ1876 ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈረመው ውል ዕቃ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተስማሙ፤ በዓመቱ ግን ጣሊያን ገብቶ ያዛት። ያ ውል ከመሐዲስቶች ጋርም አጣላቸው። ጥር 1880 ጎንደር በደርቡሾች ተቃጠለች፤ መጋቢት 1881 ንጉሡ ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ። ከተማዋ ስማቸውን የያዘችው ለዚህ ነው። ስንዘክረው የምንረሳው ግን የገበያውን መጥፋት ነው። ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፣ ከብቱ አለቀ፣ ሰው ረገፈ። እንዲህ ካለ አገር ወታደር በየቤቱ አስፍሮ መቀለብ አይቻልም።

ምኒልክ በ1885 ግድም ያደረጉት ነገር ለእኔ ከብዙ ጦርነት ይበልጣል። ወታደሩ ገበሬው ቤት መስፈሩ ይቅር፣ በምትኩ ገበሬው ከምርቱ አሥራት ያውጣ አሉ። አስቡት፦ ሸክሙ አልጠፋም፤ ግን መጠን ተበጀለት። ከአሥር አንድ። ሰብሳቢው አልበደለም ማለቴ አይደለም፣ በድሏል። ቢያንስ ግን ገበሬው ስንት እንደሚጠየቅ አወቀ፣ ሲበደልም «ይሄ ከአሥራቱ በላይ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ነገር አገኘ።

ከዚህ ቀጥሎ የተናገረው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ድሬዳዋ ላይ የጉምሩክ ሹም ስለነበር ነገሩን ከወንበሩ ያውቀዋል። የቤተ መንግሥት ንብረትና የመንግሥት ንብረት ይለይ፤ ግብር እንደ ሰው አቅም ተመዝኖ በገንዘብ ይከፈል አለ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን የንጉሡ ኪስና የአገር ካዝና አንድ ነበሩ፤ ካልተለዩ ደግሞ ጉድለቱ ስንት እንደሆነ እንኳን ማወቅ አይቻልም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሆነውን ደግሞ እዩት። ጥር 1934 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት ለመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 1 ሚሊዮን ተፈቀደ። ባዶ ካዝና ለወረሰ መንግሥት ሕይወት ነው። አብረው ግን የእንግሊዝ አማካሪዎች መጡ፣ በወጪው ላይም ድምፅ ኖራቸው። ጉድለትህን የሚሞላልህ ሰው ማዕድህ ላይ መቀመጡ አይቀርም። አይኤምኤፍ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም፣ ወንበሩ ያኔም ነበር። መንግሥት በ1937 የራሱን ብር አውጥቶ፣ የመሬት ግብር አዋጅ ደንግጎ ከዚያ ለመውጣት የጣረውም ይሄ ስለገባው ነው።

ደርግ ሌላ መንገድ መረጠ። ጦርነቱ ሲሰፋ ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በመበደር ሞላ። ዶላር በይፋ 2.07 ብር ላይ ተቸንክሮ ቆየ፤ ገበሬው እህሉን በመንግሥት ዋጋ በኮታ እንዲያስገባ ተደረገ። ልብ በሉ፣ ይሄም ግብር ነው። ደረሰኝ የሌለው ግብር። በ1985 ምንዛሬው በአንዴ 5 ብር ሲገባ የተደበቀው ዕዳ ተገለጠ።

የእኛስ ዘመን? በ2007 የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለውጭ ገበያ ሸጥን። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለዱን ሳንከፍል ቀረን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ተሻገረ። በአዲሱ ፕሮግራም መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እንዳይበደር መደረጉን እደግፋለሁ፤ የደርግ ዘመኑ በር ተዘጋ ማለት ነው። ግን በሩ ሲዘጋ ሸክሙ የት ሄደ? ገንዳ ውሃ ያለ አስተማሪ በደመወዙ የሚገዛው ጤፍ ሲያንስ ጉድለቱን እየሞላ ነው። ማንም ፈርም አላለውም።

ብድር ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። የሕዳሴ ግድብ አብዛኛው ገንዘብ በንግድ ባንክ በኩል ቢመጣም ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ አዋጥቷል። ያዋጣው ለምን እንደሚከፍል አውቆ ነው። መብራት የሚያመጣ ዕዳና ባሩድ ሆኖ የሚጨስ ዕዳ እኩል አይደሉም። ከቴዎድሮስ እስከ ዛሬ የኢትዮጵያን በጀት ያጎደለው ትልቁ ወጪ እርስ በርስ መዋጋት ነው። ይህን ሳይነኩ የሻይና የአበል ወጪ መቀነስ በበኩሌ ጨዋታ ነው።

በገቢ በኩል ደግሞ ወደ መተማ ልመለስ። ይህ ቆላ ዛሬ የሰሊጥ አገር ነው፤ ሰሊጥ ዶላር ነው። አንድ የጭነት መኪና ከመተማ ተነስቶ በኮኪት፣ በነጋዴ ባሕር፣ በአይከል አድርጎ ጎንደር እስኪገባ በየኬላው ከተጠየቀ፣ ያ ገንዘብ ገሚሱ ካዝና አይገባም፤ ከገበሬው ዋጋ ላይ ግን ይቀነሳል። ገበሬው ሲመርረው ሰሊጡ በሌሊት ወደ ሱዳን ይሻገራል። ኮንትሮባንድ ብለን እንጮሃለን። የተክሩሩ ሼክ ቢሰማን ይስቅብናል። ቀረጡ ቀላል፣ መንገዱ ሰላም፣ መክፈያው አንድ ቦታ ቢሆን ብዙው ነጋዴ በቀን ይሄዳል። የግብር ምጣኔ ከመጨመር በፊት መንገዱን መክፈት ይቀድማል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሰኔ በጀቱ ሲቀርብ «ጉድለቱ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ማን ይሞላዋል? በግብር ነው፣ በብድር ነው ወይስ በዋጋ ንረት? ለምን ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለተወካያችሁም ይሄንኑ ጥያቄ ላኩለት። ቆላ ያላችሁ፣ በተለይ በሰሊጥ ንግድ የቆያችሁ፣ ስለ ኬላው ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁና ኮሜንት ላይ ጻፉልን።