ቤንዚን የመጣበት መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት የኮዬ ፈጬን ጸጥታ የምታደፈርሰው የእኔ ቮልስ ናት። ሞተሪኖዋ መጮህ ሲጀምር አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ መስኮት ትከፍታለች፤ የብሎካችን ጥበቃ ጋቢውን እንደተከናነበ ከቆርቆሮ ቤቱ ይወጣል፤ በር ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቁ የባጃጅ ልጆችም ሳይጠሩ ይደርሳሉ። ፍርዳቸው አንድ ነው። «ባትሪ ነው አዴ» ይላል ጥበቃው። «ባትሪ ነው እትዬ» ይላሉ ልጆቹ። አንደኛው ምክር ይጨምርልኛል፦ ሸጬ የኤሌክትሪክ መኪና እንድገዛ። በጡረታ አበሌ!

ባትሪ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሞተሪኖው ሳይደክም ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም። አባቴ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህንኑ ነበር፦ እየዞረ የማይነሳ ሞተር ወይ እሳት አጥቷል፣ ወይ ቤንዚን አጥቷል፤ ሌላው ወሬ ነው። እሳቱን ራሴ አይቼዋለሁ። አንዷን ካንዴላ ፈትቼ ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠግቼ አንዱን ልጅ ቁልፍ ሳስዞረው ሰማያዊ ብልጭታዋን ሰጠችኝ። ካንዴላዋ ግን ደረቅ ነበረች። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካንዴላው ርሶ ይወጣል፤ ያልደረሰው ደግሞ እንዲህ ደርቆ። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሆነ፦ ከሰልባትዮው እስከ ካርቡራቶሩ ባለው መንገድ ላይ ቤንዚኑ የት ቀረ?

ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የማምነው አንድ ሰው አለኝ። ሰባ አምስትን ያለፉ መካኒክ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የአባቴ ረዳት ነበሩ። የሚኖሩት ሰበታ ነው። ሰበታም ኮዬ ፈጬም ዛሬ በሸገር ከተማ ክፍለ ከተሞች ዝርዝር ላይ ስማቸው አለ፤ በታክሲ ለሚሄድ ሰው ግን በመካከላቸው አዲስ አበባ ሙሉዋን ተኝታለች። ሦስት ታክሲ ቀያይረው መጡ። ሻይ አልፈልግም አሉ። ቦርሳቸውንም አልከፈቱም፤ መጀመሪያ ጠየቁኝ።

«ጠዋት ነው እምቢ የምትልሽ ወይስ ሞቃም ጭምር?»

«ጠዋት ነው ጋሼ። ከተነሳች ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ግን ታንገራግራለች።»

«ስንት ቀን ቆመች?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ቤንዚኑን ከየት ቀዳሽ?»

እዚህ ላይ አፈርኩ። የማደያው ሰልፍ ቢረዝምብኝ ከመንገድ ዳር በሀይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ገዝቻለሁ። «እህ» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን ከፍተው የአየር ማጣሪያውን አነሱና የካርቡራቶሩን ጉሮሮ አዩ። የነዳጅ መስጫውን በጣታቸው ሳብ አደረጉት። ጤነኛ ካርቡራቶር በዚህን ጊዜ ወደ ጉሮሮው ቀጭን የቤንዚን ክር ይረጫል። የእኔው ምንም አልረጨም፤ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሿ ጓዳው ባዶ ነበረች።

ካርቡራቶር የሚባለው ዕቃ ለአገራችን የተሠራ አይደለም። አየርና ቤንዚን የሚመጥነው በቀዳዳዎች ስፋት ነው፤ የቀዳዳዎቹ ልክ የተቆረጠውም አየሩ ጥቅጥቅ ላለበት ለባሕር ጠለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ከፋብሪካ እንደመጣ የሚሠራ ካርቡራቶር እዚህ አየር ያንሰውና ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። የድሮ መካኒኮች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ከጭሱ ቀለምና ከሞተሩ ድምፅ ነው የተማሩት። ሚኒሞውን ሲያስተካክሉ ካቻቢቴ በእጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኚህ ሰውዬ ዛሬም ይጨፍናሉ።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ይወረዳል። ታች በረሃ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ሞተሩ በሙቀት ይግላል፤ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራቶሩ በሚገፋው ፖምፓ ውስጥ ይተንና ወደ ፊት የሚገፋ ፈሳሽ ይጠፋል፤ መኪናው ዳገት መሃል ይቆማል። መድኃኒቱ እርጥብ ጨርቅ ነበር። ረዳቱ ወርዶ ፖምፓው ላይ ውሃ የነከረ ጨርቅ ይጠመጥማል፣ ሹፌሩ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መኪናው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጠዋት እምቢ የምትል መኪናና ሞቃ እምቢ የምትል መኪና በሽታቸው ለየቅል ነው። የእኚህ ሰውዬ የመጀመሪያ ጥያቄም ለዚሁ ነበር።

ቀጥለው ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ቱቦ ነቀሉና ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከተቱት። «አዙሪ።» አዞርኩ። ፖምፓው ደህና ቢሆን ልብ እንደሚመታ እየቆራረጠ ይተፋ ነበር። የእኔው ጥቂት ጠብታ አንጠባጥቦ ተወው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙና አሸተቱት። «ቤንዚን ቤንዚን ይላል» አሉ። በፖምፓው ውስጥ ሜምብራና የምትባል ስስ ሽፋን አለች፤ ወደ ላይና ወደ ታች እየተሳበች ቤንዚኑን የምትገፋው እሷ ናት። ስትቀደድ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ዘይት የቀጠነበት ሞተር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው።

ለምን ተቀደደች? እርጅና አንዱ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ግን በአገጫቸው ወደ ሰሜን አሳዩኝ፦ «ሱሉልታ።» በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው ሱሉልታ በሚገኝ የነዳጅ ዴፖ ነው። በመጀመሪያ 5 በመቶ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 ከፍ አለ። የስኳር ተረፈ ምርት ነዳጅ ሆኖ ዶላር ማዳኑ ለአገር ጥሩ ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ በኩራት ነግሬያለሁ። ለአዲስ መኪናም ጉዳት የለውም። የ1960ዎቹ ላስቲክ ግን አልኮል ይጠጣል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም። ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ኢታኖል ሌላም ጠባይ አለው፦ በሰልባትዮው ግድግዳ ላይ ለሠላሳ ዓመት የተጋገረውን ዝቃጭ አጥቦ ይለቅቃል፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ታች ይተኛል። «ያኔ» አሉኝ፣ «ላዳዎቹ ሁሉ ተሰልፈው መጡ። እኛ ሠርግ ሆነልን።»

የላዳ ነገር ከተነሳ አይቀር፦ የታክሲው ላዳ ሰልባትዮው ሲበላሽ ሹፌሩ ሀይላንድ ጠርሙስ በቤንዚን ሞልቶ ከሞተሩ አጠገብ ያስራል፤ ቱቦ ይሰካለታል፤ ይነዳል። መካኒኮቹ «ግሉኮስ ሰቀልንለት» ይላሉ። አስፈሪ ነገር ነው፤ የቮልስም ብዙ ሞተር በረገበ የቤንዚን ቱቦ ነዷል። ግን ለምርመራ ይጠቅማል። በግሉኮስ የሚነሳ ሞተር በሽታው ከፖምፓው ወደ ኋላ እንጂ ከካርቡራቶሩ አይደለም።

ወደ ሰልባትዮው ሄድን። በቮልስ ሰልባትዮው ከፊት ነው፤ ቤንዚኑ በመኪናዋ ሆድ ሥር ሙሉ ርዝመቷን አቋርጦ ወደ ኋላ ይመጣል። እሳቸው ቱቦው ውስጥ በአፋቸው እፍ ሲሉ እኔ ጆሮዬን ሰልባትዮው አፍ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። በልጅነቴም የእኔ ሥራ ይኸው ነበር። ቡልቅ ቡልቅ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። አለ፤ ግን እየታፈነ።

ሰልባትዮ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን ዝርዝር ቦርድ ላይ ጽፌ «ይህ ምን ይነግራችኋል?» እል ነበር። መኪና አገራችን የገባው ጣልያን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አምጥቷል፤ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ነበር የቆመው። ነገር ግን የሞተር ቋንቋ አማርኛ ውስጥ የሰፈረው በ1928ና በ1933 መካከል በመጣው የጭነት መኪና ጎርፍና ከዚያም በኋላ ቀርተው ጋራዥ በከፈቱት ጣልያኖች ነው። ጌታው ያዛል፣ ልጁ ቁልፍ ያቀብላል። «ካቻቢቴ!» ሲባል ካቻቢቴ፣ «ፒንሳ!» ሲባል ፒንሳ። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ተግባረ ዕድ መኪና ጥገናን በክፍል አስተማረ፤ የብዙዎቹ ትምህርት ቤት ግን የረዳትነት ወንበር ነበር። ወንበርም ካለ ማለቴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ጭነቱ ላይ ነበሩ።

አባቴ የቦቴ ሹፌር ነበር። መኪናው ፊያት ኤንትሬ፣ መንገዱ አሰብ። አሰብ ላይ ሶቪየቶች የሠሩት ማጣሪያ እንደ ጎርጎሮሳውያን በ1967 ሥራ ጀመረ፤ አባቴ ከዚያ ቀድቶ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ሸዋ ይገባል። እኔ የማስታውሰው ሽታውን ነው። እናቴ ልብሱን ከእኛ ልብስ ጋር አታጥብም ነበር። ቮልሷን የገዛው በ1964 ዓ.ም. ከሰው እጅ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው አሮጌ ቮልስ የቤንዚን ጌጅ እንኳ አልነበራትም፤ ሞተሩ ማንገራገር ሲጀምር በእግር የምትዞር ቁልፍ ነበረች፤ ስትዞር አምስት ሊትር ገደማ መጠባበቂያ ትለቅቃለች። እሷን ሳያዩ ማዞር የሹፌር ወግ ነበር።

በየካቲት 1966 የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት ቤንዚን ላይ ግማሽ ያህል ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የሰይቼንቶ ታክሲዎቹ ቆሙ፤ መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ትምህርት ቤት በመዘጋቱ ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። ዋጋው ጥቂት ቢቀነስም ነገሩ አልበረደም። እስከ መስከረም ንጉሡ ወረዱ። ቤንዚን ብቻውን ዙፋን አልገለበጠም፤ ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። ግን አባቴ እስኪሞት «እኛ ቀድተን ባመጣነው ነው» ይል ነበር፤ ቀልዱን ይሁን እውነቱን አላወቅሁም።

የአሰብ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ። በ1990 ጦርነቱ መጣና መንገዱም ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ነዳጃችን በጅቡቲ ነው፤ ለዓመታት ቤንዚን ከሱዳን በመተማ በኩልም ይገባ ነበር። አባቴ አሰብን እንደገና አላያትም።

ወደ ሰልባትዮው ልመለስ። ከሰልባትዮው ሥር ያለውን ቱቦ ፈትተው ሀይላንድ ሞሉና የቮልሷ ጣሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አቆሙት። የኮዬ ፈጬ ፀሐይ ከኋላው ስትወጣበት ሁሉም ታየ። ላይ ቢጫ ቤንዚን፤ ታች ሁለት ጣት የሚሆን ደፍራሽ ውሃ፤ ከውሃው ሥር የዝገት ዱቄት። ከቤንዚኑ ጥቂት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አሻሹት፤ ቶሎ አልተነነም፣ ቅባት ቅባት አለ። «ላምባም አለበት» አሉ። ላምባ የተደባለቀበት ቤንዚን በጠዋት ብርድ አይተንም፤ የማይተን ነዳጅ ደግሞ ሞተር አያስነሳም። አንድ በሽታ ፈልገን ሦስት አገኘን።

ከቦርሳቸው አንድ የቆየ ፖምፓ አወጡ፤ ከሱማሌ ተራ ፈልገው ያመጡት። እሱን ፈትተው ደህናዋን ሜምብራና ለእኔ ፖምፓ አዛወሩ። ማጣሪያውን አጠቡ። የሞተር ዘይቱን አፍስሰው ቀየሩ። ከሰልባትዮው የቀረውን ሁሉ አስወጥተው፣ ጠዋት ከማደያ ተሰልፌ ያመጣሁትን አምስት ሊትር ጨመሩ። ባዶ ለሆነችው የካርቡራቶር ጓዳ ጥቂት በማንኪያ አጠጧት። ካቻቢቴያቸውን ጆሮአቸው ላይ ደገፉና «በይ» አሉ።

በሁለተኛው ተነሳች። ሚኒሞው ትንሽ ተንቀጠቀጠና ረጋ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ብሎኗን ሩብ ዙር አዞሩ። መስኮት ላይ የነበረችው ጎረቤቴ አጨበጨበች። ጥበቃው ጋቢውን ወደ ትከሻው እየመለሰ በልጆቹ በኩል ዞር አለ።

«አላልኩም?» አላቸው። «ባትሪ ነው።»