የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ለምን ቀጭን ነበር?

በከተማ ስለ ቦርጭና ስለ ክብደት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ መከራከሪያ አይጠፋም፤ «አያቶቻችን ጂም ሳያውቁ፣ የሚበሉትን ሳይመዝኑ ሸንቃጣ ነበሩ፤ ወጣቱን ያበላሸው የከተማ ኑሮ ነው» የሚል። ለዚህ ምሳሌ ተደርጎ የሚጠራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደጋው ነው፤ በጉና ተራራ ዙሪያና ማዶ ያሉትን ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የመሰለ አገር። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ የደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ገበሬ በእርግጥም ቀጭን ነበር፤ ዛሬም በአመዛኙ ቀጭን ነው። ግን ለምን ቀጠነ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሦስት የተለያዩ ምክንያቶችን ያገኛል፤ ሥራና አቀበት፣ ጾም፣ እጦት። የመጀመሪያው ጉልበት ይሰጣል፤ ሁለተኛው እንደ አጿጿሙ ነው፤ ሦስተኛው ጉልበት ይነጥቃል። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ጤነኛ ኑሮ» ማለት ክብደት መቀነስንና አቅም መገንባትን አንድ ነገር ማድረግ ነው። የአካባቢው ታሪክ ግን ሁለቱ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ነው የሚመሰክረው።

ከመልክዓ ምድሩ እንጀምር። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከዚያ መሬቱ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል እየተሰነጠቀ ወደ በሽሎና ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። እዚህ አገር ገበያ መሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም፣ ከብት ውኃ ማጠጣት ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ አቀበት መውጣት ነው። ወንዱ በሞፈርና ቀንበር የገብስና የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ያርሳል፤ በአጨዳ ወራት በደቦና በወንፈል ጎንበስ ብሎ ይውላል። የሴቷ ድካም ከዚህ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። የሞተር ወፍጮ ቤት ወደ ገጠሩ እስኪዘልቅ ድረስ የቤተሰቡ ዱቄት የሚወጣው ከድንጋይ ወፍጮ ነበር፤ ሴቷ ተንበርክካ፣ ክንዷንና ወገቧን እያወዛወዘች የምትሠራው ሥራ። በዚያ ላይ እንስራ ተሸክሞ ከምንጭ መመላለስ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ይህን ያህል የጋይንት ሴት ከአንድ ቀን አታሳልፈውም ነበር።

የዚህን ጉልበት መጠን ለመገመት ከ1860 ዓ.ም. የተሻለ ማስረጃ የለም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በዚያ ዓመት መስከረም ማለቂያ ወደ መቅደላ ሲነሱ የመረጡት መንገድ በጋይንት ደጋ አልፎ፣ ጨጨሆን ተሻግሮ ወደ ዋድላና ደላንታ የሚወስደውን ነበር። ጋፋት ላይ የተሠራውና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ግድም ይመዝናል፤ መንገድ በሌለበት ገደል መንገድ እየጠረቡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱ መቅደላ ያደረሱት በመጋቢት ነው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ መዋላቸውን በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ይህን የሰሙ ሁሉ ስለ ሰዎቹ ብርታት ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም ታሪኩ ሌላም ገጽ አለው። በዚያው ጊዜ በጌምድር በተደጋጋሚ ዘረፋ ጎተራው ባዶ ሆኖ ነበር፤ የንጉሡም ጦር በየዕለቱ በሚከዳው ሰው ምክንያት ከቀድሞው እጅግ አንሶ ነበር። መድፉን የጎተተው ትውልድና ረሀብ የፈታው ትውልድ አንድ ነው። አንዱን ብቻ አንስቶ ሌላውን መተው ታሪክ አያሰኝም።

ጾምን በተመለከተ የሚቀርበው ክርክር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጋይንት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አገር ናት፤ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ጉባኤ ቤት ናቸው። አኮፋዳ አንግቶ፣ ለምድ ደርቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምነው ወጣት ተማሪ ለዘመናት የአካባቢው የቅጥነት ምልክት ነበር። ምእመኑም ቢሆን በዓመት 180 ቀን ያህል ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይከለከላል። ከዚህ ተነስተው «ጾሙ ነው ያቀጠናቸው» የሚሉ አሉ። ግን ጾሞቹ ከእርሻው ወራት ጋር እንዴት እንደሚገጥሙ እንመልከት። ሁዳዴ የሚገባው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ጎተራ ውስጥ ገብስ፣ ባቄላና ሽምብራ አለ፤ ጿሚው ሥጋና ቅቤ ቢቀርበትም ሽሮው፣ ቆሎውና በሶው አይቀሩበትም። ፍልሰታ ግን ነሐሴ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ወቅት። ስለዚህ በሁዳዴ 55 ቀን ከሚከሳው ይልቅ በክረምት የሚከሳው ይበልጣል ቢባል ጎተራው ይመሰክራል። ለዛሬው ወጣትም ነገሩ ያው ነው፤ በከተማ ጾም ሲገባ ብዙ ሰው ከሥጋ ወደ ሳምቡሳ፣ በዘይት ወደተንጨረጨረ ድንችና ወደ ዳቦ ይሻገራል፤ ፋሲካ ሲደርስ ሚዛኑ ከፍ ብሎ ቢያገኘው ሊደነቅ አይገባም። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ ወገብ እንዲያቀጥን የጫነበት ሰው የለም።

የቀረው እጦት ነው፤ ከሦስቱ ከባዱም እሱ ነው። የ1977ቱ ድርቅ ወሎንና ትግራይን ብቻ አልመታም። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በጎረቤት እብናት በእርዳታ መጠለያ የነበሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረሀብተኞች ጎጆዎቹ ተቃጥለው ወደየመጡበት በግድ ተመልሰዋል። ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ ገበሬው በበጋ እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል። ይህ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ነው የሚል ካለ ልብ ይበል፤ ድንጋይ የሚሸከመው ሰውዬ በሆዱ ምን አለ? ስቴፈን ዴርኮንና ካትሪን ፖርተር የተባሉ ተመራማሪዎች በተለያዩ የኢትዮጵያ ገጠሮች ባደረጉት ጥናት የ1977ቱ ረሀብ ሲበረታ ከሦስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ካደጉ በኋላ በቁመት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት ደግሞ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በዚያን ጊዜ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ምግብ ሳይኖር መራመድ ጉልበት አይሰጥም የሚለው ነገር በሌላ አገር በቀጥታ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የሚባል ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ወጣት ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሀብ አቆየ፤ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲራመዱም ተደርጓል። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን ቀነሱ። ጥንካሬያቸው ግን አብሮ ወደቀ፤ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ብርድ ብርድ ይላቸው ጀመር፤ ጠባያቸው ተለወጠ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። በሦስት ሳምንት ሆዳቸውን ሊያጠፉ በቀን አንዴ ብቻ የሚበሉ የአዲስ አበባና የባሕር ዳር ወጣቶች ከሚኒሶታ ወጣቶች ብዙ አይለዩም፤ እነሱም በፈቃዳቸው የገቡበት ነውና ማቆም ይችላሉ። የስማዳ ገበሬ ግን የሐምሌ ረሀብን ማቆም አይችልም።

ስለዚህ የድሮው ሰው ወፈር ያለውን ቢያደንቅ፣ ዘመዱን ሲያገኝ «ምነው ከሳህ?» ብሎ ቢደነግጥ ከድንቁርና አልነበረም። ክሳት ማለት በሽታ ወይም ባዶ ጎተራ በሆነበት አገር ሙሉ ፊት የጥጋብ ምስክር ነበር። ይህን አስተሳሰብ «ኋላ ቀር» ብለው የሚያጣጥሉ የጤና ምክር ሰጪዎች ታሪኩን ቢያውቁ ቋንቋቸውን ያለዝቡ ነበር።

«እንግዲያውስ በድሀ አገር ስለ ውፍረት ማውራት የቅንጦት ጭንቀት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ቁጥሩ በከፊል ይደግፈዋል፤ በዚያው የ2016 ቅኝት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ብቻ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ። ሆኖም ከዚያ 16 ዓመት በፊት የወፈሩት 3 በመቶ ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ2016 ከአራት ሴቶች ከአንድ በላይ ወፍረዋል። ከዚህም በላይ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያቀረበው ሐሳብ አለ፤ በማህፀንና በሕፃንነት የተራበ ሰው በኋላ ዘመኑ ምግብ ሲተርፈውና እንቅስቃሴ ሲቀንስበት ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነስቶ ወደ ትልቅ ከተማ የመጣው፣ ቀን በወንበር፣ ማታ በታክሲ የሚያሳልፈው ወጣት ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ችግሩ ቅንጦት የሚሆነው እንግዲህ ረሀብን ለማያውቀው ነው።

አካባቢው ራሱም እየተለወጠ ነው። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ጋይንትን ሰንጥቆ ካለፈ በኋላ ወደ ገበያ በእግር የሚጓዘው ሰው እያነሰ መጥቷል፤ ባጃጅ ከከተማ ጫፍ ወደ ጫፍ ያመላልሳል፤ ወፍጮው በሞተር ይዞራል። ከዚህ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ አይገባምም፤ ከድንጋይ ወፍጮ የተገላገለችውን ሴት ለቅጥነቷ ሲባል ወደ ወፍጮው የሚመልስ ሰው ካለ እሱ ራሱ ይፍጭ። ከድሮው መውሰድ የሚገባው እንቅስቃሴውን ነው፤ ባዶ ሆዱን አይደለም። የክልሉ ጤናና ትምህርት ባለሥልጣናት ለወጣቱ ስለ ክብደት መልእክት ሲያዘጋጁ አንድ ፖስተር ለባሕር ዳርና ለስማዳ አያሰራጩ፤ ለባሕር ዳሩ የሚራመድበት መንገድና የሚጫወትበት ሜዳ ይስጡት፤ ለስማዳው መጀመሪያ እስከ መስከረም የሚያደርሰው እህል።