ከእንዶድ ወደ በረኪና

«በረኪና» ጣሊያንኛ ነው። እንደ ፌርማታ፣ እንደ ጎሚስታ፣ እንደ ማኪያቶ ሁሉ ከዚያው ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው። ዛሬ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ነጭ ልብስ የወየበበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እሱኑ ነው። ለፋሲካ ልትለበስ የወጣች ነጠላ ሳጥን ውስጥ ከርማ ጠርዟ አካባቢ ቢጫ ሆና ተገኘች እንበል። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፤ «በረኪና ጠብ አድርጊባት!» «ጠብ» ሲባል ደግሞ እንደምታውቁት ግማሽ ጠርሙስ ማለት ነው።

እኔ ከበረኪና ጋር ጠብ የለኝም። ሽንት ቤት ለማጠብ የሚተካው የለም። ግን አንድ ነገር ይገርመኛል። ይህ ሕዝብ ነጭ ለባሽ ሕዝብ ነው። ለቅዳሴም ነጭ፣ ለሠርግም ነጭ፣ ለዓውደ ዓመትም ነጭ። በረኪና የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን ያ ሁሉ ጋቢና ኩታ በምን ይነጣ ነበር?

በእንዶድ ነዋ!

እንዶድ አጥር ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። ዘለላ ዘለላ ሆኖ የሚያፈራው ፍሬ ሳይቀላ፣ አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ ይወቀጣል። ዱቄቱ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ሥራውም የሳሙና ሥራ ነው፤ ስቡን ከክሩ አላቅቆ ለውኃ ያስረክባል። ሸማው በዚህ አረፋ ተዘፍዝፎ በእግር ይረገጣል። በነገራችን ላይ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እኛ አገር የመጡ የውጭ ተጓዦችን ካስገረሟቸው ነገሮች አንዱ ወንዝ ወርዶ ልብስ የሚያጥበው ወንዱ መሆኑ ነበር። ይህን ያነበበ የዛሬ ባል ምን እንደሚል እንጃ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እንዶድ ያጸዳል እንጂ አያነጣም። የሚያነጣው ፀሐይ ነው። እርጥብ ጥጥ ሣር ላይ ተዘርግቶ ሲውል ብርሃኑ የወየበውን ቀለም ይሰባብረዋል። አውሮፓውያንም እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ከዚህ የተለየ ጥበብ አልነበራቸውም። የሆላንድ ሰዎች በሃርለም መስክ ላይ የተልባ እግር ጨርቅ ለወራት እየዘረጉ፣ በመሐሉ በአሬራ እየዘፈዘፉ ያነጡ ነበር። ስዊድናዊው ሼለ እ.ኤ.አ. በ1774 ክሎሪንን አገኘ። ፈረንሳዊው በርቶሌ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀለም እንደሚያጠፋ አሳየ። ያኔ የወራቱ ሥራ የሰዓታት ሥራ ሆነ። የኛ በረኪና የዚያ ልጅ ነው።

ወደ እንዶድ ልመለስ፤ ዋናው ታሪክ ያለው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዝያን ሊያጠኑ ዓድዋ ይሄዳሉ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታውም አይተላለፍም። ታዲያ ዶክተሩ ወንዙን ሲቃኙ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ያያሉ። በሕይወት ያሉትን ለቅመው ዕቃ ውስጥ ያደርጉና አንዷን አጣቢ ከአረፋሽ ጨምሪበት ይሏታል። ቀንድ አውጣዎቹ አለቁ።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚያየው ልብስ ሲታጠብ ነበር። እሳቸው ከልብሱ የሚወርደውን እጣቢ አዩ። በኋላ በዚያው በዓድዋ ከተማ ውኃው ለአምስት ዓመት ያህል በእንዶድ ሲታከም፣ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የሚታየው ቢልሃርዝያ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዓለም ግን ቶሎ አልተቀበለውም። ሕዝቡ ለዘመናት ልብሱን ሲያጥብበት የኖረውን ተክል መርዛማነት በምዕራባውያን ላቦራቶሪ ደረጃ አረጋግጡ ተባለና ዓመታት አለፉ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ብቻውን ክፉ አይደለም፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የሚያሳዝነው፣ ምርመራውን የጠየቁት ባለገንዘቦች የምርመራውን ወጪ ለመሸፈን እጃቸው ማጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳን በእንዶድ ለማጥፋት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ከፈጠራው ባለቤቶች አንዱ ነበሩ። የዓድዋዎቹ አጣቢዎች ግን ከሽልማቱም ከመዝገቡም ላይ የሉም።

እኛስ? እኛ በኦሞ ተክተነዋል። ለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ በሳፋና በባልዲ የሚያጥብ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ እንዶድ ከየት ይለቅማል? ግን የዱቄት ሳሙናው ንጣት ምን እንደሆነ ማወቅ አይከፋም። ብዙዎቹ ውስጥ ክሩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ንጥረ ነገር አለ። ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ይውጥና ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። ቢጫው በሰማያዊው ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። በምሽት ክበብ ሐምራዊ መብራት ሥር ነጭ ሸሚዝ ፏ ብሎ ሲያበራ አይታችሁ ከሆነ፣ የሚያበራው እሱ ነው። ዓይናችን ይህን ስለለመደ ንጹሑን የእጅ ፈትል ጥጥ «ወየበ» እያልን በበረኪና እንቀጣዋለን።

ቅጣቱም ከባድ ነው። በረኪና ሲበዛ የጥጡን ክር ያሳሳል፤ የጥለቱን ቀለም ይበላል። ሐር፣ ሱፍና ናይለን ላይ ሲያርፍ ደግሞ ጭራሽ ቢጫ ያደርጋል። ይባስ ብሎ «እንዲጠነክር» ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የሚጨምሩበት አሉ። አደራ! የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1915 ኢፕር ግንባር ላይ በጠላት ወታደር ላይ የለቀቁት እሱን ነው። ሌላው የምጠላው ነገር በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ማንበብ የማይችል ሕፃን የሚያየው ውኃ ነው።

ለወየበች ነጠላ እኔ የማውቀው መላ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና ማታ ትዘፍዘፍ። ጠዋት የቆሸሸው ብቻ በእጅ ቀስ ተብሎ ይታሽ፤ በሁለት ሰው ተይዛ እንደ ገመድ አትጠምዘዝ። ከዚያ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጨርቁን የሚያደበዝዘው ሳይለቀለቅ የቀረው ሳሙና ራሱ ነውና። ቀጥሎ እንደ እርጥቧ ፀሐይ ላይ መዘርጋት፣ ስትደርቅ ውኃ እያርከፈከፉ መመለስ። ጥለቱ እንዳይደበዝዝ በሌላ ጨርቅ ይሸፈን። በአንድ ቀን ካልሆነላችሁ በማግስቱ ድገሙት። ስትጨርሱ እንደ ፋብሪካ ሸሚዝ አታበራም፤ ወተት መስላ ትወጣለች። ጥጥ ድሮውንም መልኩ እሱ ነው።