የደህንነት ሥልጠና፦ ከአዳራሽ እስከ ማሳ

“ሳይቃጠል በቅጠል” እንደሚባለው፣ የሥራ ላይ አደጋን የሚከላከለው አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን የሥራ ላይ ደህንነት ዕውቀት ከፋብሪካና ከስብሰባ አዳራሽ ወጥቶ ወደ አርሶ አደሩ ማሳ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ስምምነቱ ሠራተኞች ተገቢ ሥልጠና እንዲያገኙ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው አደጋውን እንዲያስረዳና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በመሆኑም የዩኒየን መጋዘን ተቀጣሪ ሠራተኛ የሕግ ከለላ አለው። በገዛ ማሳው መርጫ አዝሎ የሚውለው አርሶ አደር ግን አሠሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 ለግብርና ተብሎ የወጣው ስምምነት ቁጥር 184 እንኳ ለቤት ፍጆታ ብቻ የሚታረስን እርሻ አያካትትም።

ያለ በቂ ጥንቃቄ የተከማቸ ኬሚካል የሚያስከትለው ጣጣም በአገራችን ታይቷል። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ከመጡት ፀረ ተባዮች ብዙዎቹ ጊዜያቸው አልፎ በየመጋዘኑ ለዓመታት ተከማችተው ነበር። በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ድጋፍ በተካሄደው ዘመቻ ከክምችቱ ከፊሉ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እንዲቃጠል ተደርጓል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ወጥቷል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ዩኒየኖች ተስፋፉ፤ በየቀበሌውም የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከላት ተቋቋሙ። በዚህም ዕውቀቱ ወደ ገጠር የሚወርድበት መንገድ ተከፈተ። በክልልና በዞን ከተሞች በሚሰጡ ሥልጠናዎች የማኅበራት አመራሮችና ባለሙያዎች ብዙ ጠቃሚ ነገር ይቀስማሉ። ለምሳሌ በኬሚካል ዕቃ ላይ ያለው ቀይ መስመር እጅግ መርዛማ መሆኑን ሲያመለክት፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ በቅደም ተከተል አደጋው እየቀነሰ መሄዱን ያሳያሉ። ይህ ፊደል ላልቆጠረ አርሶ አደር ትልቅ አጋዥ ነው። ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ አለመርጨት፣ የተደፈነ መርጫን በአፍ አለመንፋት፣ ባዶ ዕቃን ሦስት ጊዜ አለቅልቆ መብሳትና ለውሃ መቅጃ አለማዋልም ከትምህርቶቹ መካከል ናቸው።

ችግሩ ያለው ከሥልጠናው በኋላ ነው። ተሳታፊው ሰርተፊኬቱን ቢሮ ሰቅሎ ዝም ካለ፣ ኬሚካል የሚሸከመው ጫኝና አውራጅ፣ የሚረጨው ወጣት፣ የተነከረውን ልብስ የምታጥበው እናት ምንም አልሰሙም ማለት ነው።

ስለዚህ በምሥረታ በዓል “ስንት ሰው ሥልጠና ሄደ?” ከማለት ይልቅ “የሄደው ተመልሶ ለስንት ሰው አስተማረ?” ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሰልጣኝ ሲመረጥም የመጋዘን ሠራተኛውና ረጪው መዘንጋት የለባቸውም። ተመላሹ በመሠረታዊ ማኅበሩ ጉባኤ ላይ ግማሽ ሰዓት ተሰጥቶት የተማረውን ቢያካፍል፣ በአንድ ሰው አበል ቀበሌው በሙሉ ይሰለጥናል።