በየፊልሙ የምትሞት ሴት

አና ሜይ ዎንግ በመጀመሪያው ትልቅ ፊልሟ ባሕር ገብታ ሞተች። ዕድሜዋ ገና 17 ነበር። ፊልሙ «ዘ ቶል ኦቭ ዘ ሲ» ይባላል፤ የወጣውም በ1922 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቻይናዊቷ ወጣት ባሕር የተፋውን አንድ አሜሪካዊ ታድናለች፣ ታፈቅረዋለች። ሰውየው ወደ አገሩ ይሄድና ነጭ ሚስት አግብቶ ይመለሳል። እርሷም ልጇን ለአዲሲቱ ሚስት አስረክባ ራሷን ለውኃው ትሰጣለች። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ነገር ግን ቴክኒከለር ገና በሙከራ ላይ በነበረበት ዘመን በቀለም ከተሠሩት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። የልጅቷን ፊት ያየ ሰው ቃል አልባነቱን ይረሳዋል።

የተወለደችው በጃንዋሪ 1905 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ላውንደሪ ከነበረው አባት ነው። ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም ሊዩ ጾንግ ነበር፤ ውርጭ የነካው ቢጫ አኻያ ማለት ነው ይላሉ። አባቷም ራሱ ካሊፎርኒያ የተወለደ ሰው ነበር። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ምክንያቱም ዕድሜዋን ሙሉ «የሩቅ ምሥራቅ ሴት» እየተባለች የኖረችው በአገሯ ነው። ከ1882 ጀምሮ የቻይናውያንን መግባት ይከለክል የነበረው ሕግ እስከ 1943 ስላልተሻረ፣ ከአሜሪካ ለመውጣት ባሰበች ቁጥር ተመልሳ የመግባት መብት እንዳላት በማመልከቻ ማስረዳት ነበረባት። የካሊፎርኒያ ሕግ ደግሞ ነጭ የሆነ ሰው እንዳታገባ እስከ 1948 ከልክሏት ኖሯል። አላገባችም፤ ልጅም አልወለደች።

ሆሊውድ ይህንን ሕግ ወደ ተረት ለወጠው። ነጩ ጀግና ሊወዳት ይችላል፤ አብሯት ሊኖር ግን አይችልም። እንግዲህ ታሪኩ እንዲያልቅ እርሷ መሞት አለባት። በ1924 በ«ዘ ቲፍ ኦቭ ባግዳድ» ሰላይ የሆነች የሞንጎል ባሪያ ሆና ታየች፤ ዝናዋም ገነነ። ተመሳሳይ ሚና ሲሰለቻት በ1928 ወደ አውሮፓ ተሻገረች። ጀርመንኛ ተምራ በቪየና መድረክ ላይ በዚያው ቋንቋ እስከ መጫወት ደረሰች። በለንደን የተሠራው የ1929ኙ «ፒካዲሊ» ከሁሉም የምወደው ሥራዋ ነው፤ የምሽት ክበብ ዕቃ አጣቢ ሆና በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ስትደንስ ካሜራው ሌላውን ሰው ሁሉ ይረሳል። በመጨረሻው ግን እዚያም በጥይት ሞተች።

በ1932 ከማርሊን ዲትሪክ ጋር በ«ሻንጋይ ኤክስፕረስ» ተሳፈረች። ንግግሯ ጥቂት ነው። የደፈራትን የሽፍቶች አለቃ በጩቤ ገድላ ትወጣለች፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ በሕይወት ከባቡሩ ትወርዳለች።

ትልቁ ቁስል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የፐርል በክ «ዘ ጉድ ኧርዝ» ልብ ወለድ የቻይናን ገበሬዎች ሕይወት የሚተርክ ነውና፣ ኤም ጂ ኤም ወደ ፊልም ሊያዞረው ሲነሣ የኦ-ላንን፣ የገበሬውን ሚስት፣ ሚና ከአና ሜይ በላይ ማን ይመጥነዋል? ይሁንና ባልዬው ነጩ ፖል ሙኒ ነበር። ሚስቱም በሜካፕ ቻይናዊት የመሰለችው ሉዊዝ ራይነር ሆነች፤ ለዚሁ ሥራ ኦስካር ተሸለመች። ለአና ሜይ የታሰበላት የቁባቲቱ የሎተስ ሚና ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ ቤት የምታፈርሰው ሴት! እርሱም አልሆነም፤ ቲሊ ሎሽ የተባለች የቪየና ዳንሰኛ ተጫወተችው። ራይነር ጎበዝ ተዋናይ ናት፤ ይህን አልክድም። በዚያ ፊልም ግን የማየው የእርሷን ፊት ብቻ አይደለም።

ፊልሙ ገና ሲሠራ፣ በ1936፣ አና ሜይ የአባቶቿን አገር ለማየት ቻይና ሄደች። አባቷ ቀድሟት ወደዚያው ተመልሶ ነበር። እዚያ የጠበቃት ሌላ ወቀሳ ነው፤ ጋዜጦቹ በምዕራባውያን ፊልም ሕዝባችንን አዋረደች አሏት። በአሜሪካ ቻይናዊት ስለሆነች ተከለከለች፤ በቻይና የአሜሪካ ሰው ስለሆነች ተወቀሰች። እርሷ ግን የሰሜኑን ቋንቋ ተማረች፣ ቀሚሶች ሰበሰበች፣ ጉዞዋንም በካሜራ አስቀረጸች።

ስትመለስ በ«ዶተር ኦቭ ሻንጋይ» (1937) ወንጀለኞችን የምታድን ጀግና ሆና ሠራች። አብሯት የተጫወተው ኮሪያዊ አሜሪካዊው ፊሊፕ አን ነበር፤ ፍቅራቸውም በጋብቻ ቃል ይደመደማል። ትንሽ ፊልም ነው፤ ደስታው ግን ትልቅ ነው። በጦርነቱ ዘመን ጥቂት ፊልሞች ሠራች፣ ለቻይና እርዳታ ደከመች፤ በ1951 በቴሌቪዥን የራሷ ተከታታይ ድራማ ነበራት። በፌብሩዋሪ 1961 ሳንታ ሞኒካ ውስጥ በልብ ሕመም ዐረፈች። ዕድሜዋ 56 ነበር። በ2022 መልኳ በአሜሪካ የሩብ ዶላር ሳንቲም ላይ ታተመ።

ያ የመጀመሪያ ፊልም ዛሬም ይታያል፤ ባሕር የምትገባበት መጨረሻው ግን ጠፍቷል። በ1985 ፊልሙን ያደሱት ባለሙያዎች የዚያን ዘመን የቴክኒከለር ካሜራ ይዘው ወደ ፓሲፊክ ዳርቻ ወርደው ባሕሩን ብቻ ቀረጹ። ተመልካች አሁን በስተመጨረሻ የሚያየው የምሽት ውኃ ነው፤ አና ሜይ በውስጡ የለችም።