እንዶድ ፋብሪካ ያጣው ለምንድን ነው?

«የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር» የሚለውን ነገር በየስብሰባው እንሰማዋለን። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው እዚሁ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ከፊርማው በኋላ ስለሚሆነው ግን ብዙም አይወራ። እኔ ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እንዶድ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቼ «ደግሞ እንዶድን አመጣው!» እንደምትሉ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ አካባቢ ነበሩ። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የግድ በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበት። ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት የኖሩት ፍሬ ለካ ሌላም ሥራ ነበረው!

ዩኒቨርሲቲው የራሱን ድርሻ ሠርቷል። በ1966 አክሊሉ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ በበሽታው የተያዘው ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። በሕፃናቱ ላይማ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነው የወረደው። የእጽዋት ተመራማሪው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየቦታው ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መርዙ የሚበረታውንና ብዙ የሚያፈራውን ለዩ፤ «ዓይነት 44» ይባላል።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? የቀረው መሃል ላይ ያለው ሥራ ነው። ፍሬው እንዴት ይደርቃል፣ እንዴት ይፈጫል? አንድ ወንዝ ስንት ኪሎ ይበቃዋል? ዓሣውንስ? ውሃውን የሚጠጣውን ሰውና ከብትስ? የዓለም ጤና ድርጅት የመርዛማነት ማስረጃ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ክፋት አልነበረውም፤ ወንዝ ውስጥ ስለሚጨመር ነገር ነው የሚወራው። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ምርመራ በሚፈለገው ደረጃ ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ልዩ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በሌላው ዓለም ይህን ወጪ የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ ምርቱን ሸጦ የሚያተርፈው ኩባንያ ነው።

ለእንዶድ ማን ይሸከምለት? ቀንድ አውጣ ለመግደል ያኔ የታወቀው ኬሚካል ኒክሎሳማይድ ነበር፤ ባለቤቱም የጀርመኑ ባየር። ገበሬ አጥሩ ሥር ሊያበቅለው ለሚችለው ፍሬ ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ ከየት ይመጣል? ተጠቃሚው ደግሞ እግሩን ወንዝ ውስጥ ነክሮ የሚውል ድሃ ነው፤ የሚገዛበት ኪስ የለውም። የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ደግፎት የመርዛማነት ጥናቱ እስኪሠራ ከዓድዋው ቀን ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። እስከዚያው ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት መጥቶ የዓለም ዓይን ቀንድ አውጣውን ከማጥፋት በሽተኛውን ወደ ማከም ዞሯል። በ1989 አክሊሉና ለገሰ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አገኙ። ሽልማቱ ከፋብሪካው ቀድሞ ደረሰ።

አሁን ወደ አሜሪካ ልውሰዳችሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ ሙስል የተባለ ባለ ዛጎል የውሃ እንስሳ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ መሳቢያ ቧንቧዎች ይደፍን ጀመር። ኃይል ማመንጫዎችና የከተማ ውሃ አገልግሎቶች ተቸገሩ። በኤሪ ሐይቅ ጫፍ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን ሞከረው፤ ሠራ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓተንት ወጣበት። ያው ፍሬ ነው እኮ! ልዩነቱ እዚያ ቧንቧው የተደፈነበት ባለ ገንዘብ መኖሩ ነው።

«ገበያ ከሌለ አለቀለት ማለት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም፤ ፔኒሲሊንን ተመልከቱ። ኦክስፎርድ ውስጥ የፍሎሪ ቡድን ሻጋታውን ያራባ የነበረው፣ ሳትስቁ ስሙኝ፣ በበሽተኛ ፖፖ ጭምር ነው። በ1941 የታከመው የመጀመሪያ በሽተኛ፣ አንድ ፖሊስ፣ እያገገመ ሳለ መድኃኒቱ አለቀና ሞተ። ዕውቀቱ ነበረ፤ ብዛቱ አልነበረም። በዚያው ዓመት ፍሎሪና ሂትሊ ሻጋታውን ይዘው አሜሪካ ገቡ። ፒዮሪያ ከተማ ያለው የመንግሥት የእርሻ ላቦራቶሪ ከበቆሎ ስታርች ፋብሪካ በሚተርፍ ፈሳሽ ምርቱን አበዛው። ሜርክ፣ ፋይዘርና ስኩዊብ ገቡበት። መንግሥት ገንዘብ አወጣ፣ ሠራዊቱ ገዢ ሆነ። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ለቆሰሉት ደረሰ። ለእንዶድ ያልተገኘውን የመሃል ሥራ ለፔኒሲሊን የሠራው የመንግሥት ላቦራቶሪ ነው፤ ገዢ መኖሩን ያረጋገጠውም መንግሥት ነው።

ዛሬም በየዩኒቨርሲቲያችን መደርደሪያ ላይ ሌላ «እንዶድ» አይጠፋም። ስለዚህ በየተቋሙ ያላችሁ ልጆቼ፣ የመግባቢያ ሰነድ ሲቀርብላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፦ በላቦራቶሪውና በፋብሪካው መሃል ያለውን ሥራ ማን ይከፍላል? ምርቱንስ ማን ይገዛል? የሚገዛው ድሃ ከሆነ፣ ስለ እሱ ሆኖ የሚገዛ መንግሥት አለ ወይ? መልሱ ሰነዱ ውስጥ ከሌለ ፎቶው ይቆይ።

ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ በእናንተ በኩል ነገሩ ምን እንደሚመስል ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ሰላም ዋሉ።